ዳማን የሚገዛ ሰው

ጥር 8

ለእህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቼ ድንገት ደብዳቤ ስጽፍልሽ ምን ሆነ ብለሽ እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ምንም አልሆንኩም።

ወንድሜ አኩርፎኛል ብለሽ ለአክስታችን እንደነገርሻት አውቄአለሁ። አላኮረፍኩሽም። ስልክ የማላነሳው ስልኬ ተበላሽቶ ነው፤ ድምፁ አይጠራም። ዛሬ ነገ ላሠራው ስል ጊዜው ነጎደ። መልእክት ጻፍልኝ እንዳትዪኝ ደግሞ፣ በእነዚያ ጥቃቅን ቁልፎች ላይ ፊደል መልቀም አልችልበትም። አንዱን ስነካ ሦስቱ ይመጣሉ። እጄ የቧንቧ እጅ ነው። እንደ ድሮው በወረቀት ብንጻጻፍ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሞተሬን፣ ዳማን፣ ልሸጣት ነው። እዚህ ለደላላ ብነግር ነገ እሱ ባለቤት፣ እኔ ምስክር ሆኜ አርፈዋለሁ። በኢንተርኔት ሰው ለሰው የሚሸጥበት ገበያ አለ ይላሉ። የፎቶ ቤቱ ሰውዬ አራት ፎቶ አንስቷታል፤ በስልክሽ ይልክልሻል። አንቺ አውጪልኝ፤ የሚደወልበትም ቁጥር ያንቺው ይሁን። የፈለገ ሰው ቤት መጥቶ ይያት።

ስትጽፊ ሁሉንም በግልጽ ጻፊ። የግራ ስፖኪዮዋ ተሰብሮ በሌላ ተተክቷል፤ ከቀኙ ጋር አይመሳሰሉም። ወንበሯ ተቀዶ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። የፍጥነት መቁጠሪያዋ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት በአንድ ምት አትነሣም፤ ሦስቴ መምታት ይፈልጋል። ሌላ የማውቀው ጉድለት የለባትም። ለምን ትሸጣለህ ካሉሽ፣ ከመስክ ሥራ ወደ መጋዘን ተዛውሯል በያቸው። እውነት ነው።

ቤቱ እንዳይጠፋቸው ደግሞ ‘የጆሮውን ቤት’ ብለው ይጠይቁ። በብረት ዘንግ መሬት እያዳመጥኩ የሚያፈስ ቧንቧ ሳገኝ ያወጡልኝ ስም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስሜን ብትጠሪ የሚያሳይሽ ሰው አታገኚም፤ ጆሮው ካልሽ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 19

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህ በበሩ ሥር ተገፍቶ ጠበቀኝ። እጅ ጽሑፍህን ሳይ ክፉ ነገር ጠረጠርኩ፤ በዚህ ዘመን ደብዳቤ መርዶ ይመስላል። ሳልከፍተው ጫማዬን አወለቅኩ፣ ቦርሳዬን ሰቀልኩ፣ ሻይ ጣድኩ። ከዚያ ከፈትኩትና ‘ምንም አልሆንኩም’ የሚለውን ሳነብ ሻዩ ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው።

አሥራ አንድ ወር ነው ወንድም ጋሼ። ቆጥሬዋለሁ። መጨረሻ የተነጋገርንበትን ቀን ግን አሁን አላነሣም፤ አንተም አላነሣኸውም።

ሥራዬ ያው ነው። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ የባንኩን ደንበኛ ስሞታ ስሰማ እውላለሁ። ካርዴን ማሽኑ ዋጠው፣ የምሥጢር ቁጥሬ ጠፋኝ፣ ለሌላ ሰው ላክሁ። በቀን ከመቶ ሰው በላይ ያናግረኛል። አንዱም እንደምን ዋልሽ አይልም።

ማስታወቂያህን እንዳለ አላወጣሁትም፤ ይቅር በለኝ። ሰው ሞተር ሲሸጥ አንድ ሁለት ጉድለት ይደብቃል፤ አንተ ግን ንስሐ የምትገባ ነው የምትመስለው። ምንም አልቀነስኩም፤ ቅደም ተከተሉን ነው የቀየርኩት። ‘ለሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ሰው እጅ ብቻ የተነዳች’ የሚለውን ከላይ አደረግኩ። ስፖኪዮውን ከታች።

ደዋዩ ብዙ ነው። አንዱ ሰላም ሳይለኝ ‘የመጨረሻ ስንት?’ አለኝ። አንዱ በፍሪጅ እንቀያየር አለ። አንዱ ሞተሯን ትቶ ያገባሁ መሆኔን ጠየቀኝ። ያገባሁ ነኝ አልኩት። ደህና የሚመስሉትን ወደ አንተ ልኬአቸዋለሁ።

ስልክህ ምኑ ነው የተበላሸው? አዲስ ገዝቼ ልላክልህ? ለመሆኑ ከመስክ ለምን አነሡህ? አንተን አንስተው ማንን ሊያሰማሩ ነው?

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል።

እህትህ


የካቲት 2

ለእህቴ፣

ስልክ አትግዢ። የሚያስፈልገኝ አይደለም። እዚህ ሁሉንም ሰው ተራምጄ አገኘዋለሁ።

ስለ ሥራዬ ለጠየቅሽኝ፣ ዕድሜ ነው ሌላ ምንም አይደለም። ዘንጉን ለአዲስ ሠራተኛ ሰጡት። እኔ መጋዘን ሆኜ ቧንቧና መገጣጠሚያ አወጣለሁ። የሚፈልጉትን በወረቀት ጽፈው በመስኮት ያቀብሉኛል፤ እኔ ደግሞ ዕቃውን አቀብላለሁ። ጥሩ ሥራ ነው። ማንም አይነዘንዝም።

ሰዎቹ መምጣት ጀምረዋል። ግቢው ውስጥ ሁለት ወንበር አውጥቼ አስቀምጫለሁ። የፍሪጁ ሰውዬ የፍሪጁን ፎቶ ይዞ ነው የመጣው፤ አላፈረም። ሌላው ጢሙ አፉን ስለሸፈነው የሚለው ሁሉ አልገባኝም፤ ግን ደግ ሰው ይመስላል፣ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። አንድ ጡረታ የወጣ መንጃ ፈቃድ አስተማሪም መጣ። ዳማ ላይ ወጣ፣ መሪዋን ያዘ፣ ሩብ ሰዓት ያህል እንዲሁ ተቀመጠ። ሲወርድ ‘ልገዛ አልመጣሁም፣ ይቅርታ ያርጉልኝ’ አለኝ። እኔም ሻይ ጋበዝኩት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ቶሎ ባትሸጥ ቅር አይለኝም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ይህ ግቢ እንደዚህ ሰው ገብቶበት አያውቅም። ከሥራ ስወጣ ቤት ገብቼ ልብሴን እቀይራለሁ፣ ከዚያ በመስኮት መንገዱን አያለሁ። አሁን ግን ወንበሮቹን አብሼ የምጠብቀው ሰው አለኝ።

ትናንት አንድ ዳቦ አከፋፋይ መጣ። ነድቷት ዞሮ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። ‘ድምፅ አላት እኮ’ አለኝ። እጄን ነዳጅ ጋኗ ላይ አሳርፌ ደህና አድርጌ አየኋት። ‘ንጹሕ ናት፤ ምንም ድምፅ የላትም’ አልኩት። አንድ ነገር ብሎኝ ጥሎኝ ወጣ። ሰው ምን እንደሚያስቆጣው አይታወቅም።

ባለቤትሽን በጣም ሰላም በይልኝ። ካርታ ስንጫወት ያሸነፈኝን አልረሳሁም በይው።

ወንድምሽ


የካቲት 14

ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ብዬ እንደምጽፍልህ ሳወጣ ሳወርድ ሦስት ቀን አለፈኝ። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ ስማው።

ዳቦ አከፋፋዩ ከማስታወቂያው ሥር የጻፈውን እንዳለ ልገልብጥልህ፦ ‘ይህን ሞተር እንዳትገዙ። የኋላ ጎማዋ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ባለቤቱ ዓይን ዓይኔን እያየ ምንም ድምፅ የላትም አለኝ። ሽማግሌ ውሸታም።’

ደሜ ፈላ። ደወልኩለትና የማልናገረውን ተናገርኩት። ሰውዬው ግን አልተሳደበም። ‘እህቴ፣ እኔ ከሱ ጋር ምን ጠብ አለኝ? ጎማው ተቆልፎ መንገድ ላይ ሰው ይሞታል። ድምፁን እኮ አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ ያየው ነበር’ አለኝ።

ልጅ ሆነን የጎረቤትን መስኮት የሰበርኩ ጊዜ ‘እሷ ናት፣ አይቻታለሁ’ ብለህ አሳልፈህ የሰጠኸኝ አንተ ነህ። አንድ ሳምንት አላናገርኩህም። ለእኔ ያልዋሸ ሰው ለሞተር ይዋሻል ብዬ አላምንም። ካልዋሸህ ታዲያ ምንድን ነው? በሌሊት ከሩቅ የሚመጣ ሞተር ሰምተህ ‘ያ የነዳጅ ቧንቧው ቆሽሿል’ የምትል ሰው፣ ሌላ ሰው የሰማውን እንዴት አልሰማህም?

አልቆጣህም። ብቻ ንገረኝ።

እህትህ


የካቲት 20

ለእህቴ፣

ማስታወቂያውን አውርጂው። መሸጡን ትቼዋለሁ። ሰውዬው ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ስለ ሌላው ነገር አትጠይቂኝ። ደህና ነኝ። ዳማን ሸራ አልብሻታለሁ፤ ወንበሮቹንም አስገብቻለሁ።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ።

ወንድምሽ


የካቲት 28

ወንድም ጋሼ፣

አላወረድኩትም። ተቆጣኝ።

አልናገርም ካልክ እኔ ልጀምር። ባለቤቴን ሰላም በይልኝ እያልክ ስትጽፍልኝ፣ እኔም ሰላም ብሎሃል እያልኩ ስመልስልህ ከረምን። ሰውዬው ከታኅሣሥ ጀምሮ እዚህ የለም። ልብሱን በሁለት ሻንጣ አድርጎ፣ ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ወጣ። አልጮኸብኝም፣ እኔም አልለመንኩትም። ከዚያ በፊት ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ውስጥ እንደ ሁለት ተከራይ ነበርን። በስሙ የላክሁልህ ሰላምታ ሁሉ ከኔ ነበር። ለሥራ ባልደረቦቼም አልነገርኩም። እሑድ እሑድ አፌን የምከፍተው ዳቦ ስገዛ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ላውጣው፤ ሆዴ ውስጥ ቆይቶ ሻግቷል። ባለፈው የካቲት የደወልኩልህ ነገሩ ሲብስብኝ ነው። ‘ትንሽ ጊዜ አንተ ጋ መጥቼ ልቀመጥ?’ አልኩህ። ‘እሺ፣ እሺ፣ በርቺ’ ብለህ ዘጋኸው። እያለቀስኩ እንደነበር እንኳ ያወቅህ አትመስልም። በማግስቱ ስደውል አላነሣህም፤ ከዚያ በኋላም አላነሣህም። እንዳልመጣብህ የፈለግህ መሰለኝ። አላስቸግረውም ብዬ ተውኩት። እውነት እንደዚያ ከሆነ በግልጽ ንገረኝ፤ ከመገመት ይሻለኛል።

አሁን ስለ ሞተሯ። አንዲት ክትባት የምትሰጥ ነርስ ደወለችልኝ። የጤና ጣቢያው መኪና ቆሞባት፣ የክትባቱን የበረዶ ሳጥን በትከሻዋ ተሸክማ በእግሯ ነው የገጠሩን መንደር የምታዳርሰው። የዳቦውን ሰው ጽሑፍ ማንበቧን ጠየቅኋት። ‘አንብቤዋለሁ፤ ድምፅ አላት ማለት ቢያንስ ትነሣለች ማለት ነው’ አለችኝ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ሳቅኩ። መጋቢት ሰባት ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ካልፈለግህ አንተው ራስህ መልሳት።

እህትህ


መጋቢት 15

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት። ከሁሉም ‘እያለቀስኩ እንደነበር’ ያልሽው ላይ እየደረስኩ አቆም ነበር።

አልሰማሁሽም። ይኸው ጻፍኩት። በዚያ ስልክ ላይ ድምፅሽ ነበር እንጂ ቃል አልነበረውም፤ ከግድግዳ ጀርባ የሚናገር ሰው ይመስል ነበር። አንዴ ድገሚልኝ ብዬ ነበር፣ ደገምሽልኝ፣ ያው ሆነብኝ። እንደገና ድገሚ ማለት አፈርኩና እሺ፣ እሺ ብዬ ዘጋሁት። ለምን እሺ እንዳልኩ ሳላውቅ ነው ዓመት ያለፈኝ። ስልኩ አልተበላሸም። የተበላሸው ጆሮዬ ነው። መጀመሪያ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ። አሁን በቀኙ ትንሽ የሚጮህ ነገር ይሰማኛል፤ የቀረውን ከሰው አፍ ላይ አነብባለሁ።

ለምን አልነገርከኝም ትዪኛለሽ። እኔን እኮ እዚህ ጆሮው ነው የሚሉኝ። ሌላ ስም የለኝም። ባለፈው ክረምት ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ዘንጌን ተክዬ ‘እዚህ ምንም የለም’ ብዬ ፈረምኩ። በሳምንቱ አጥሩ ተናደ፤ ውሃው ከእግሬ ሥር ሲሄድ ነበር። ሰው አልተጎዳም፤ እሑድ ነበር። አለቃዬ አልተናገረኝም፣ ዘንጉን ብቻ ተቀበለኝና ወደ መጋዘን ላከኝ። ለሌሎቹ ዕድሜ ነው አለ፤ እኔም ዕድሜ ነው አልኩ።

ዳማንም ያቆምኳት በኅዳር ነው። ቁልቁለቱ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከኋላዬ ጡሩንባ ሲነፋ ኖሯል። ሳይጨፈልቀኝ ቦይ ውስጥ ገባ። ዞር ያልኩት መንገዱ ሲነቃነቅ ተሰምቶኝ ነው። ሹፌሩ ወርዶ ወደ እኔ መጣ፤ አፉ ይከፈታል ይዘጋል፤ ከግንባሩ ደም ይወርዳል። ምን እያለኝ እንደሆነ አላወቅኩም። መሐረቤን አውጥቼ ሰጠሁት። በዚያው ሞተሯን እየገፋሁ ቤት አስገባኋት።

ነርሷን መጥታ አገኘኋት። እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሳለች፣ ሳጥኑ ትከሻዋን አሰርጉዶታል። ሸራውን ገልጣ ዳማን ስትዞር ጀርባዋን ሰጥታኝ ታወራለች። አንድ ነገር እንደጠየቀችኝ አወቅኩ፤ ስንት ዓመት ነዷት ያለች መሰለኝና ‘ሃያ ሁለት’ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ጥያቄዋን ደገመችልኝ። ለካስ ስንት ሰው ትጭናለች ነው ያለችው።

ሞተሯን አስነሣኋት። ልጅቱ ያን ገደል ገደሉን የሚሄድ መንገድ ልትሄድባት ነው። ለዳቦው ሰው እንዳልኩት ‘ንጹሕ ናት’ ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ እህቴ፣ ይህንን አልደብቅሽም። አፌን ስከፍት ግን ሌላ ነገር ወጣ።

‘ስሚያት፣ እኔ አልሰማም’ አልኳት።

‘ምን አሉ?’ አለች።

‘ጆሮዬ ሄዷል። አንድ ሰው የኋላ ጎማዋ ድምፅ አላት ብሏል፤ እኔ አላውቅም። ስሚና እውነቱን ንገሪኝ።’

ሰው ሲያውቅብኝ ይጮኽብኛል ብዬ እፈራ ነበር። እሷ አልጮኸችም። ፊት ለፊቴ መጥታ ቆመችና ቀስ ብላ ‘ከመቼ ጀምሮ ነው?’ አለችኝ። ነገርኳት። ‘ቤተሰብ ያውቃል?’ አለች። አያውቅም አልኩ። ‘እህትዎ በስልክ ስታናግረኝ ስለ እርስዎ ነበር የምታወራው፤ ስለ ሞተሯ አልነበረም’ አለችኝ።

ከዚያ ነድታት ሁለት ዙር ዞረችና ተመልሳ፣ ‘ታጉረመርማለች፤ እውነቱን ነው’ አለች። በማግስቱ ጋራዥ ወሰድናት። የኋላ ጎማዋ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተበልቶ አልቋል። ሜካኒኩ የተፈጨውን ብረት መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። ዳቦ አከፋፋዩ ነፍስ ነው ያዳነው። አሠርቼ ሰጠኋት፤ ዳማ አሁን የእሷ ናት።

ስትወስዳት በሩ ላይ ቆምኩ። ሳይሰማ የሚሄድ ነገር የሄደ አይመስልም። መንገዱን እያየሁ ገና አለች ስል፣ ዞር ብዬ ግቢውን ሳይ ቦታዋ ባዶ ሆኖ፣ ዘይት ያንጠባጠበችበት ብቻ ቀርቷል። ወንበሮቹን ሳላወጣ ነው የከረምኩት።

ባለቤትሽን አልጠላውም፤ እንድጠላውም የፈለግሽ አይመስለኝም። ብቻ ሁለታችንም የሌለ ሰው ሰላም ስንል መክረማችን አሳዘነኝ።

ነርሷ የጆሮ ሐኪም ያለበትን ሆስፒታል በወረቀት ጽፋልኝ ሄዳለች። አንድ ቀን ሄጄ ነበር። ሰዉ ተደርድሮ ተቀምጧል፣ አንዲት ሴት በር ላይ ወጥታ ስም ትጠራለች። ስትጠራኝ እንዴት አውቃለሁ? አፏን ላነብ ብል ሩቅ ናት፣ ደግሞ ወረቀቱን እያየች ነው የምትጠራው። እስከ ቀትር ተቀምጬ ተመለስኩ። ጠርታኝ እንደሆነም አላውቅም።

ያኔ ለጠየቅሽኝ አሁን ሰምቼ ልመልስልሽ። ነይ። የፈለግሽውን ያህል ተቀመጪ። ከደንቆሮ ጋር መኖር አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ብትቀሪም አልቀየምሽም።

ወንድምሽ


መጋቢት 22

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሥራ ላይ ነው፤ ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ነበር። ‘ሃሎ፣ ይሰማሉ? ሃሎ?’ እያለ አንድ ደንበኛ ይጣራል። አለቃዬ መጥታ ከትከሻዬ በላይ አየችኝና መስመሩን እሷ ወሰደችልኝ። በዚህ መሥሪያ ቤት ስሠራ ሰው ሲያየኝ ያለቀስኩት የመጀመሪያ ቀን ነው።

ተቀይሜሃለሁ። አልቀረልህም፤ መጥቼ በአካል እናገርሃለሁ፣ አንተም አፌን እያየህ ትሰማኛለህ። ዓመት ሙሉ ጠላኝ ብዬ ነው የኖርኩት። ግን ‘አልሰማሁሽም’ የሚለውን መስመር እንደጨረስኩ ልቤ ቀለለኝ፣ እንደዚህ በማለቴ ደግሞ አፈርኩ። ወንድሟ ደነቆረ ተብላ ቀለለኝ የምትል እህት ምን ዓይነት ናት?

ለዳቦ አከፋፋዩ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። የጻፈውን አጥፍቶታል። ትኩስ ዳቦ ይዞ እንደሚመጣ ነግሮኛል፤ ቢመጣ አስገባው፣ ወንበሮቹንም አውጣ።

የአንድ ወር ፈቃድ ወስጃለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እዚያው ሆነን እናወራለን፤ ይህን ቤት ብቻዬን ልያዘው ልልቀቀው ገና አልቆረጥኩም። ሆስፒታሉ አብረን እንሄዳለን። አንተ ተቀመጥ፣ ስምህን እኔ አዳምጣለሁ። ከመቶ ሰው ጩኸት አንድ ስም መለየት፣ የማውቀው ሥራ እሱ ብቻ ነው።

አውቶቡሱ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2፣ ወደ አሥር ሰዓት ግድም ይገባል ብለውኛል፤ ቢዘገይ እንዳትጨነቅ። መናኸሪያ አትምጣ፣ እኔው እመጣለሁ። ባንኳኳ አትሰማኝምና በሩን እንዳትቆልፈው።

እህትህ